ያጠብኩት ወለል

እኔ ሽቦ ዘርጊ፣ ኬብል ሠራተኛ፣
ስለ ብርሃን ጥበብ ማን አድርጎኝ ዳኛ።
የሄድኩት ሲጠሩኝ ነው፣ ጥቅምት መባቻ፣
ከነመሰላሌ፣ ለአሥር ቀን ብቻ።

በስኬልደ ወንዝ ዳር፣ ጭጋግ በማይለየው፣
የድኾች ሆስፒታል ነው፣ በጥንት የታነጸው።
ጣሪያው የባሉጥ እንጨት፣ የተገለበጠ መርከብ፤
ውስጡ አርባ አልጋ ነበር፣ ሰው ሁለት ሁለት የሚያድርበት፣
አንዱ ሲያቃስት ሌላው የሚነቃበት፣
ዛሬ የእርጥብ ኖራ ሽታ ብቻ የተኛበት።

ማርይት ትባላለች ባለ ብርሃኗ።
ከፍሪስላንድ መጣች፣ ቫኗን ራሷ ነድታ፣
አርባ የመስታወት ቱቦ ጭድ መሀል አስተኝታ፣
ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ገትታ።
«በየአልጋው ፋንታ አንድ መብራት ይተኛ፣
እንደ ሰው ይተንፍስ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ በሽተኛ።»

ደንቡ ግን ደንብ ነው፦ ግድግዳው ላይ ሚስማር ክልክል፣
ሙቀት ክልክል፣ የነተበው ሥዕል እንዳይቃጠል፣
ከወራጁ በላይ ብርሃን ክልክል፤ የሌሊት ወፍ እዚያ ይከርማል።
ስለዚህ ሁሉን ነገር ወለል ላይ ልንዘረጋ፣
ባልዲ ይዤ ገባሁ፣ ገና ሳይነጋ።

ድንጋዩ ላይ ጠመኔ አየሁ።
ቀስት የመሰለ መስመር፣ ነጥብ፣ ቁጥር፣ ደግሞ ነጥብ።
የልጆች ጨዋታ መሰለኝ። አልጠየቅሁም።
ሁለት ባልዲ ውሃ፣ ብሩሽ፣ ሳሙና፤
ድንጋዩ ጠራ። እኔም ተኩራራሁ።

ጎድሊቭ ናት ቁልፍ ያዥ፤ ሰባ ስድስት ነው ዕድሜዋ፣
ቁልፉ መዳፏን ይበልጣል፣ ይንኳኳል ከወገቧ።
መጣች። ወለሉን አየች። ባልዲዬን አየች።
«ንጹሕ ሆኗል» አለች።
ሌላ ምንም አላለች።
(ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም፤
ለ«ንጹሕ ሆኗል» ግን የለኝም።)

በአራተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ሙከራ ላይ፣
አርባውም ቱቦ ሲተነፍስ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ሩቅ ሰማይ፣
በምዕራቡ መስኮት ገባች፣ ሳትጠራ፣ ፀሐይ።
አንድ ዘንግ። ቀጭን። የማር መልክ ያላት።
ከአሥራ ሦስተኛው አልጋ ግርጌ ተነሥታ፣
ቱቦዎቻችንን አንድ ባንድ አደብዝዛ፣
የተሣለውን መልአክ ተረከዝ ነክታ
ወጣች።

ማርይት ጮኸች፦ «መጋረጃ! ጥቁር ጨርቅ! ማነው የዘነጋ?»
እኔ ግን መስመሩን አውቄው ነበር።
ያጠብኩት ነው። ነጥብ በነጥብ። ቀስቱ ራሱ።

ጎድሊቭ ከበሩ ጥግ፣ ሰዓቷን ሳታይ፦
«አሥራ አንድ ደቂቃ ነው» አለች። «በየካቲት ዘጠኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ።
መጀመሪያ ጊዜ ለመግደል ነበር፤
በኋላ፣ እኔ ብቀር ቅር የሚላት መሰለኝ።»

ጠመኔ የነበረው እኔ ብቻ ነኝ፤
ገመድ የማሰምርበት፣ ሰማያዊ።
ይቅርታ ማለት ሲያቅተኝ እሱን ከኪሴ አወጣሁ።
እሷ በቁልፉ ጠቆመች፤ እኔ ተንበርክኬ አሰመርኩ።
ማርይትም መጋረጃውን ትታ
ለኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ጻፈች፦
ፀሐይ ስትገባ አርባው ትንፋሽ ይቁም፣
ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ እንደሚነሡለት።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ቆየ። አብዛኛው ዝናብ።
ፀሐይ የመጣችው አራት ቀን ነው።
መብራቱ ድርግም ሲል አንድ ልጅ «ተበላሸ!» አለ፤
እናቱ አፉን ልትይዝ እጇን አነሣች፣
እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብላ አየች።

ቱቦዎቹ ወደ ጭዳቸው ገቡ። ገመዴን ጠቀለልኩ።
ሒሳብ ተከፈለኝ። ወለሉ እንደነበር፣
ከሰማያዊዋ መስመር በቀር።
ጽዳቶች ነገ ይመጣሉ ተባለ።
ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ በሩ ላይ በሙጫ ለጠፍኩ
(ሚስማር ክልክል ነውና)፦
«ወለሉ አይታጠብ።»
ጎድሊቭ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።
አንድ ፊደል አረመች።
ቁልፉን አዞረች።